የእማዬ ወገብና ስምንቱ መርፌዎች

«ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ሕመሟ ስንት ላይ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ ዶክተሯ።

ወደ እማዬ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋት። በጎኗ እንደተኛች የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እግዚአብሔር ይመስገን በያት» አለችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን ከአሥር ስንት ነው? ዶክተሯ መልሱን ትጠብቃለች፤ እኔ የምላት ጠፍቶኛል።

ቦታው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እማዬ አራስ ልታርስ ከአዲስ አበባ ሄዳ ሁለት ወር አልፏታል። እኔ ደግሞ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ለሕፃኗ ክርስትና ከደረስኩ አራተኛ ቀኔ ነበር። ሰማንያው ሊሞላ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሽንኩርቱ ተገዝቷል፤ በርበሬው በእኔ ሻንጣ ገብቷል። የዚያን ቀን ጠዋት እማዬ ሕፃኗን ከመታጠቢያ ሳፋዋ ብድግ ልታደርግ አጎንብሳ «ወገቤን!» እንዳለች ቀረች። ሕፃኗን እህቴ ሮጣ ተቀበለቻት። እማዬን ግን ቀና ማድረግ አልቻልንም።

ሆስፒታሉ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አቅርቦልን ነበር። እማዬ ከስልኩ የሚወጣውን የወንድ ድምፅ ስትሰማ «ይሄ ሰውዬ የማን ልጅ ነው? ስለ ሽንቴ ለእሱ አልናገርም» አለች። ዶክተሯ ወሳኝ ወሳኙን በመጨረሻ በአስተርጓሚው እንደምታረጋግጥ ነገረችንና እስከዚያው ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ጥያቄው ብዙ ነበር። ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷታል? ጭኖቿ መካከል ደንዝዟታል? ትኩሳት አላት? ሳታስበው ክብደቷ ቀንሷል? ወድቃ ታውቃለች? ካንሰር ወይም የሳንባ ነቀርሳ ታማ ታውቃለች? እግሮቿን ተራ በተራ እያነሳች ጥንካሬያቸውን ለካች፤ ጣቶቿን እየነካካች «ይሰማሻል?» አለቻት። ሁሉም ደህና ነበር። በመጨረሻ ሕመሙ ከጡንቻና ከጅማት እንደሆነና አስጊ ምልክት እንዳላየች ነገረችን።

እህቴ በስልክ ስትሰማ ተቆጣች። «ኤክስሬይ እንኳ ሳያነሷት?» አለች። እኔም እንደሷ ነበር ያሰብኩት፤ እኛ ዘንድ ፊልም ያልተነሳ ሕመም የታየ አይመስለንም። ዶክተሯ ግን የጠየቀችን ጥያቄ ሁሉ ለዚሁ እንደነበር አስረዳችን። ከእነዚያ ምልክቶች አንዱ ቢኖር ኖሮ ወዲያው ትልካት ነበር። ከሌሉ ግን ፎቶው የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የሚመጣ መልበስ ነው፤ ሕክምናውን አይለውጠውም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው እኔን የጣለኝ።

«ምን መድኃኒት ትወስዳለች?»

«የጨጓራ ብቻ» አልኩ በልበ ሙሉነት።

እማዬ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ቦርሳዬን አቀብይኝ» አለችኝ። ከቦርሳዋ የጎን ኪስ፣ በመሐረብ ከተጠቀለለ የጸሎት መጽሐፏ አጠገብ፣ አንድ እሽግ ዲክሎፌናክ አወጣች። ከአሥሩ ፍሬ የቀሩት አራት ነበሩ።

እሽጉን አወቅኩት። የገዛሁት እኔ ነኝ።

ይህን ማስረዳት አለብኝ። የእማዬ ወገብ የታመመው ያን ቀን አይደለም። ለዓመታት ያማታል፤ ለዓመታትም ከሥራ ስመለስ ታክሲ ከምወርድበት ጥግ ካለው ፋርማሲ ዲክሎፌናክ እገዛላት ነበር። ማንም ማዘዣ አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። ዳቦ እንደምገዛ ነበር የምገዛው። ሳመጣላት ትመርቀኛለች፤ እኔም ጥሩ ልጅ የሆንኩ ይመስለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ጨጓራዋ ቆስሎ እየደማ ነበር። ደም ተሰጣት፣ ተረፈች። ያን ጊዜ ያከማት ሐኪም ዲክሎፌናክም ሆነ ኢቡፕሮፌን ዳግመኛ እንዳትወስድ አስጠነቀቃት። እኔም መግዛቱን አቆምኩ። መሳቢያ ውስጥ የቀረውን ግን ማናችንም አላየነውም። ያየችው እሷ ናት፤ ከሻንጣዋም ጋር አሜሪካ ገባ።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«አራስ ላርስ መጥቼ እኔ ልታረስ?» አለችኝ።

ለካ ስድስት ሳምንት ሙሉ ወገቧ ሲቆርጣት ሕፃን ስታዝል፣ ገንፎ ስታገነፋ፣ ሌሊት ስትነሳ ኖራለች። ሲብስባት አንድ ፍሬ ትውጣለች። እህቴ ሸክም ሆንኩባት እንዳትል ነው።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። እሽጉን ተቀበለችና ስለ ሆዷና ስለ ሰገራዋ ደግማ ጠየቀቻት፤ ደሟንም አስመረመረች። ደግነቱ የደም መፍሰስ ምልክት አልነበረም። ቀጥላ ምርጫችን ለምን እንደጠበበ ነገረችን። የዲክሎፌናክ ወገኖች ለእማዬ ጨጓራ አደጋ ናቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ተሰጥቷታል፣ ብዙ አላስታገሣትም። የቀረው ኦፒዮይድ የሚባለው፣ ከሞርፊን ወገን የሆነው ብርቱ መድኃኒት ነው። እሱ ደግሞ ያዞራል፣ ያደርቃል፣ ያስተኛል። የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ሌሊት ተነስታ ብትወድቅ ወገቧን ሳይሆን ዳሌዋን ነው የምትሰብረው። ከዚያም በላይ አሜሪካ በዚህ መድኃኒት የደረሰባት መከራ አለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለወገብም ለጉልበትም እንደ ልብ ሲታዘዝ ብዙ ሰው ሱሰኛ ሆነ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ድንገተኛ ክፍሎች ያለ መድኃኒት የሚያስታግሥ ነገር ካለ አስቀድመው ይሞክራሉ።

«አንድ ነገር ልሞክርላት?» አለች። «ጆሮዋ ላይ ጥቃቅን መርፌዎች መትከል እችላለሁ፤ ሠልጥኜበታለሁ። ለአንዳንዱ ሰው ያቀልለታል፣ ለአንዳንዱ ምንም አይለውጥም። ካልሠራ ሃያ ደቂቃ ነው የምናጣው። ከሠራም ወገቧን አያድንም፤ ሕመሙን ይቀንስላት ይሆናል እንጂ።»

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የአንድን ዕቃ ጥቅም ፊት ለፊት፣ ጉድለቱን በትንንሽ ፊደል ግርጌ ላይ ማስቀመጥ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ ነው። «ላይሠራ ይችላል፣ ቢሠራም አያድንም» ብዬ ማስታወቂያ ባወጣ በነጋታው ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉ ያሳመነኝ ግን ይኸው አነጋገሯ ነው። ለእማዬ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ተረጎምኩላት።

«ጆሮ?» አለች እማዬ። «ያመመኝ ወገቤ አይደለም እንዴ?»

«እኔም እሱን ነው የምላት።»

ትንሽ አሰበች። «ጆሮዬንማ ገና ልጅ ሳለሁ እናቴ በሎሚ እሾህ በስታዋለች። የፈረንጅ መርፌ ምን ያደርገኛል? ታድርግ።»

ዶክተሯ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደማትወስድ አረጋገጠች፤ ስልኩ ላይ ያለውንም አስተርጓሚ ጠርታ ፈቃዷን አንድ ጊዜ ጠየቀቻት። ጆሮዋን በአልኮል አጽድታ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ፣ በወርቅ የተለበጠች መርፌ በትንሽ ቱቦ ጫና አደረገቻት። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግን አልጮኸችም። ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። «አሁን ተነስታ ትራመድ» አለች ዶክተሯ።

ለካ አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ መርፌ ይተከላል፣ ሕመምተኛው ይራመዳል፣ ይጠየቃል። ቀጥሎ በሌላው ጆሮ ተመሳሳዩ ቦታ ይተከላል፣ እንደገና ይራመዳል። ነጥቦቹ በእያንዳንዱ ጆሮ አምስት አምስት ናቸው፤ ሕመሙ በቂ ያህል ከቀነሰ ግን መሐል ላይ ይቆማል። እማዬን ደግፌ አስነሳኋት። ከአልጋው እስከ መጋረጃው ስምንት እርምጃ አይሞላም። የመጀመሪያውን ጊዜ ክንዴን እንደ ምሰሶ ተደግፋ ነው የሄደችው።

«ቁጥሩስ?» አለች ዶክተሯ።

እማዬ አሁንም ቁጥር አልሰጠችም። ግን እንዲህ አለች፦ «ስነሳ ሙሉ እንስራ ነበር። አሁንም ሙሉ ነው።»

እማዬ ልጅነቷን ያሳለፈችው ውኃ በጀርባ በሚቀዳበት አገር ነው። ሙሉ እንስራ ምን ያህል እንደሚከብድ ወገቧ ያውቃል። ለዶክተሯ እንስራ ምን እንደሆነ በእጄ እየሳልኩ አስረዳኋት። ሳቀችና ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ከዚያ በኋላ ከዜሮ እስከ አሥር ማለቷን ትታ «እንስራውስ?» ብቻ ሆነ ጥያቄዋ።

ከሁለተኛው ጥንድ በኋላ «ጎደል ብሏል» አለች እማዬ። ከሦስተኛው በኋላ ክንዴን ለቃ በጣቷ ብቻ ያዘችኝ። ከአራተኛው በኋላ ብቻዋን እስከ መጋረጃው ሄዳ ተመለሰችና «ከግማሽ ወርዷል» አለች። ዶክተሯ አምስተኛውን ልታነሳ ስትል እጇን ያዘቻት። «ይብቃኝ ልጄ። የቀረውን እሸከመዋለሁ።»

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተቆራረጠ። እማዬ ስንት እንደተሸከመች ስትናገር ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። የተናገረችውም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስምንት ጊዜ ስለጠየቃት ነው።

ዶክተሯን ስለ መርፌው ጠይቄያት፣ በኋላም ራሴ አንብቤ የተረዳሁት ይኸው ነው። ይህ አሠራር «የጦር ሜዳ አኩፓንክቸር» ይባላል። ያዘጋጁት ሪቻርድ ኒምትዞው የተባሉ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ሲሆኑ ጊዜው በፈረንጆቹ 2001 ነው። ልብስ ማስወለቅ የለበትም፣ ዕቃው ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ወታደሩንም እንደ ሞርፊን አያፈዝም። ከጦር ሠራዊቱ ወደ ጡረተኛ ወታደሮች ሆስፒታሎች፣ ከዚያም ወደ አንዳንድ ድንገተኛ ክፍሎች ተሻገረ።

ጆሮን የመረጡት ግን የመጀመሪያው እሳቸው አይደሉም። በ1950ዎቹ ፖል ኖዢዬ የሚባሉ የሊዮን ከተማ ፈረንሳዊ ሐኪም ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ጆሯቸው ላይ ትንሽ የቃጠሎ ጠባሳ አዩ። አንዲት የባህል ሐኪም ተኩሳቸው ነበር፤ እነሱም ተሽሎናል አሉ። ኖዢዬ ከዚያ ተነስተው ጆሮን በማኅፀን ውስጥ እንደተገለበጠ ሕፃን አድርገው የሚያሳይ ካርታ ሠሩ። ይህን ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። «መተኮስማ የእኛ ነው፤ ፈረንጅ መቼ ጀመረው?» አለችኝ። በልጅነቷ መንደሯ ውስጥ ወጌሻም፣ ዋግምት የሚያወጣም፣ የሚተኩስም ነበር።

ታዲያ ይሠራል? በዚህ ረገድም ዶክተሯ የነገረችኝ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወገባቸውን አሟቸው ድንገተኛ ክፍል በመጡ 30 ሰዎች ላይ ሞክሮታል። መርፌው ከተለመደው ሕክምና ጋር የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ ሕመማቸው ቀንሷል። ከወንበር ተነስቶ ለመራመድ የሚፈጀው ጊዜ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አላሳየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መርፌ የተተከለበት ሰው መተከሉን ስለሚያውቅ ተስፋው ራሱ ሊያስታግሠው ይችላል። ጆሮ ላይ ወደ አንጎል የሚሄዱ ብዙ ነርቮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ሰውነት የራሱን የሕመም ማስታገሻ ማመንጨቱም እውነት ነው። የጆሮው ካርታ ግን እንደ ልብና እንደ ሳንባ ካርታ የተረጋገጠ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አኩፓንክቸርን ከአማራጮች መካከል አስገብቶታል፤ ብቻውን የሚበቃ መድኃኒት ነው ግን አላለም።

ወደ ቤት ስንመለስ አዲስ ጭንቀት ጠበቀን። መርፌዎቹ ጆሮ ላይ ይቆያሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በየራሳቸው ጊዜ ይወድቃሉ። የሰባ ሰባት ቀን ሕፃን ባለችበት ቤት! እህቴ እማዬን ሳሎን አስተኛቻት፤ ሕፃኗን እንዳታቅፍም ከለከለቻት። እማዬን ከወገቧ ይልቅ ይሄ አመማት። የእህቴ ባል ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፎ ከአንድ እስከ ስምንት ጻፈ። አንዷ በተገኘች ቁጥር ቁጥር ይሰረዛል፣ መርፌዋም ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። ጆሮዋ ቀልቶ ወይም አብጦ እንደሆነ በየጠዋቱ አያለሁ። እማዬ ብልቃጡን ወደ ብርሃን እያነሳች «ወርቅ ነው አይደል? ለሕፃኗ ጉትቻ አይሆንም?» ትላለች።

በክርስትናው ቀን ጆሮዋ ላይ ሦስት ቀርተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ገባች። ዶሮውን ግን ሌሎች ሠሩት፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ሽንኩርቱ አልበሰለም» እያለች ታዝዛለች። ከሁለት ቀን በኋላ ሰባቱ ተሰረዙ። ስምንተኛዋ ጠፋች። ጆሮዋ ላይ የለችም፣ ትራሷ ላይ የለችም። የእህቴ ባል በስልኩ መብራት ምንጣፉን በእንብርክኩ ፈተሸ፤ እህቴ የሕፃኗን ልብስ አንድ በአንድ አራገፈች። ማታ ላይ እማዬ ነጠላዋን ስታጥፍ ጥለቱ ውስጥ ተሰክታ አገኘቻት። ወረቀቱ ተቀደደ፤ ሕፃኗም ወደ አያቷ እቅፍ ተመለሰች። ሁለታችንም አጠገቧ ሆነን ነበር ያቀፈቻት፤ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ትራስ ተደግፋ።

እማዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሻላት። መርፌው አዳናት ልላችሁ አልችልም። እንዲህ ያለ የወገብ ሕመም አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይቀልላል። መርፌው የሰጠን እነዚያን የመጀመሪያ ከባድ ሰዓታት ያለ ዲክሎፌናክ የምታልፍበትን ፋታ ነው። ቀና ብላ ተራመደች፤ ስለተራመደች ፍርሃቷ ቀነሰ። ለተያዘ ወገብ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከመተኛት ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይሻለዋል። የሞቀ ውኃ በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ፣ አጭር የእግር ጉዞ፣ ከወለል ዕቃ ሲያነሱ ጉልበትን ማጠፍ፤ የታዘዘላት የቤት ሥራ ይኸው ነበር።

እዚህ አዲስ አበባ አኩፓንክቸር እንግዳ ነገር አይደለም፤ አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች ቡድን ይሰጠዋል። መሞከር የሚፈልግ ሰው ቢሞክር አልቃወምም፤ የሠለጠነ እጅና ንጹሕ መርፌ እስከሆነ ድረስ። መጀመሪያ ግን ዶክተሯ የጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ይመለሱ። ወገቡን ያመመው ሰው ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ጭኑ መካከል ከደነዘዘው፣ እግሩ ከዛለ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ከከሳ፣ መርፌም ወጌሻም ሳይል ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት። የአከርካሪ ነቀርሳ በአገራችን ያለ በሽታ ነውና «ወገቤን ብቻ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

አዲስ አበባ ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት የእማዬን መሳቢያ መክፈት ነው። ሦስት እሽግ አገኘሁ። አንዱ ላይ የፋርማሲው ላስቲክ እንኳ አልወለቀም ነበር። ሰብስቤ ለፋርማሲ ባለሙያው መለስኩ፤ እንዲያስወግዳቸው። ለዓመታት እናቴን የረዳሁ እየመሰለኝ ዝም አሰኝቻት ነበር። እሽጉን ሳቀብላት ምን ያህል እንደሚያማት ጠይቄያት አላውቅም። ፍሬውን ከሰጠኋት ጥያቄው ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ማታ ከሥራ ስገባ ባዶ እጄን ነው። እማዬ ሶፋው ላይ ትራሷን ተደግፋ ትጠብቀኛለች።

«እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱማ ይመስገን። እንስራውስ?»

ትንሽ ታስባለች። አንዳንድ ቀን ባዶ ነው ትለኛለች፤ አንዳንድ ቀን ሩብ። ሩብ ያለች ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ውኃ እጥዳለሁ።